«እስካሁን አልጣለም እንዴ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ አንድ ዓመት ከአሥር ወሩ ነው። አሁንም ይጠባል። ከሥራ ስገባ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ልብሴን ይጎትታል። ማታም ጠብቶ ነው የሚተኛው። እኔ ደስ ብሎኛል፣ እሱም ደህና ነው። ችግሩ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ ስንሄድ ነው። ለፋሲካ አማቴ ቤት ተሰብስበን ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ልጁ መጥቶ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ላጠባው ስል የባለቤቴ አክስት ስኒያቸውን አስቀመጡና «እስካሁን አልጣለም እንዴ? ጥርስ አውጥቶ፣ አፍ ፈትቶ!» አሉ። አንዷ ዘመድ «ወተቱ እኮ አሁን ውሃ ነው» አለች። አማቴ ደግሞ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሬት ቀቢው፣ በሁለት ቀን ይረሳዋል» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴ ስልኩን ያያል። እኔ ሆድ ባሰኝ፣ ልጄን ይዤ ጓዳ ገባሁ። በሚመጣው ወር ለክርስትና እንደገና እንገናኛለን። መጣላት አልፈልግም፣ ግን ምን ልበላቸው?

እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ያቺ ጓዳ ትዝ አለችኝ። እኔም ገብቼባታለሁ። ልጄን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው ያጠባኋት፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብቼ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ የሚቆጨኝ መደበቄ ነው። በኋላ በኋላ በሩ ሲንኳኳ ልጅቷ ራሷ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ትጎትተኝ ጀመር። የሚታፈርበት ነገር ነው ብላ ከእኔ ተማረች ማለት ነው። ስለዚህ ለክርስትናው ስትሄጂ ጓዳ አትግቢ። ነጠላሽን ደርበሽ እዚያው ተቀመጪ።

የወተቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። የዓለም ጤና ድርጅትም ዩኒሴፍም የሚሉት አንድ ነው፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። ያንቺ ልጅ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። «ውሃ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የእናት ጡት ወተት ልጁ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሲሶውን ያህል ሊሰጠው ይችላል። ትኩሳት ይዞት ምግብ አልቀምስ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡትን እምቢ አይልም፣ ይሄንን አንቺም አይተሽው ይሆናል።

ግን ይሄን ሁሉ ቡና ላይ ለአክስትየው ላስረዳ ብትዪ አትጠቀሚም። ስድስት ልጅ ላሳደገች ሴት ከስልክ ላይ ጥናት አንብበሽ ብትነግሪያት ንቀት ነው የሚመስላት። ደግሞ እኔ እንደታዘብኩት «አልጣለም እንዴ?» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ጡቱ አይደለም። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ።

በኛ አገር ከሁሉም በላይ ከሥር የሚኖረው «ሁለተኛው መቼ ነው?» የሚለው ነው። እናቶቻችን ብዙ ጊዜ ጡት የሚያስጥሉት ሲያረግዙ ነበር፣ ስለዚህ ልጅሽ ሲጠባ ሲያዩ የሚታያቸው ያልመጣው የልጅ ልጅ ነው። በተለይ አማትሽ ትንሽ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መናገራቸው እኔን ያጠራጥረኛል። እንዲህ ከሆነ ስለ ጡት ብትከራከሪ ዓመቱን ሙሉ አታልቁም። «እማዬ፣ ሁለተኛውን እግዜር ሲፈቅድ እናመጣለን፣ አሁን ይሄ ይጥገብልኝ» ብትያቸው ግን የልባቸውን መለስሽ። (እግረ መንገዴን፣ እያጠባሁ አላረግዝም ብለሽ እንዳትዘናጊ። እሱ የሚሠራው ልጁ ከስድስት ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ ነው። አንቺ ያንን ካለፍሽ ቆይተሻል።)

ሌላው ከሥር ያለው ጭንቀት «ይሄ ልጅ ምግብ ይበላል ወይ?» ነው። ይሄ ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፣ አንቺም ራስሽን በእውነት ጠይቂ። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ጉልበቱ ከምግብ መምጣት አለበት። ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ውሎ ገንፎውንም ፍትፍቱንም የሚገፋ ከሆነ አክስትየው ሐቅ አላቸው፣ ምግቡን አስቀድሚና ጡቱን አስከትዪ። ደህና የሚበላ ከሆነ ደግሞ በዓይናቸው ይዩት። ክርስትናው ላይ አጠገባቸው ቁጭ አድርጊውና እንቁላል በእንጀራ ፈትፍተሽ አብዪው። ሲያላምጥ ካዩት ግማሹ ነገር ያን ቀን ያልቃል።

ሦስተኛው ትዝታ ነው። አማትሽን ብቻቸውን ስታገኚያቸው፣ ሽንኩርት ስትከትፉም ይሁን ዕቃ ስታጥቡ፣ «እማዬ፣ እርስዎ ባለቤቴን እስከ ስንት ዓመቱ አጠቡት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከልብሽ ጠይቂ፣ ለማጥመድ አይሁን። እኔ እናቴን ስጠይቃት ሽንኩርቱን አቁማ ዝም አለች። ከዚያ ታላቅ ወንድሜን ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው እንዳጠባችው፣ ሬት የቀባችውም አያቴ ስላስገደደቻት እንደሆነ፣ ሌሊቱን እሱም እሷም ሲያለቅሱ እንዳደሩ ነገረችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ለማንም አልተናገረችውም። ከዚያን ቀን በኋላ ሬት የሚባል ነገር አላነሳችብኝም።

ስለ ሬቱ ራሱ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፣ አትቀቢ። ልጁ ትናንት ያቀፈው ገላ ዛሬ በድንገት ሲመርበት ምን እንደሆነ አይገባውም። አንቺም በአንድ ጊዜ ስታቆሚ ጡትሽ ያግታል፣ ያብጣል፣ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ አንድ አንድ እያልሽ ቀንሺ፣ መጀመሪያ የቀኑን፣ የማታውን በመጨረሻ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ያናደደኝ «ስልኩን ያያል» የሚለው ነው። አክስትየው የሱ አክስት ናቸው፣ እናትየውም የሱ እናት። አንቺ ምራት ነሽ፣ ያንቺ አንዷ ቃል ዓመት ሙሉ ትወራለች፣ የሱ ግን እዚያው ትቀራለች። ከክርስትናው በፊት አንድ ማታ ልጁ ሲተኛ ቁጭ አድርገሽ ንገሪው። በወቀሳ አትጀምሪ፣ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ምን እንደተሰማሽ ብቻ ንገሪው። ልጁን ገና ሕፃን ሳለ ጥለሽ ሥራ እንደገባሽም አስታውሺው። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ለናንተ የተረፈቻችሁ ማታ የምታገኙት ሰዓት ናት። ሌላ ቀን ጥያቄው ሲነሳ «አክስቴ፣ እኔና እሷ ተስማምተን ነው፣ ለልጁም ተስማምቶታል» ይበል። ይቺው ትበቃለች።

አንቺ ራስሽ መመለስ ካለብሽ ደግሞ አጭር አድርጊው። «ደርሷል፣ ቀስ እያልን ነው» ወይም «ዕድሜ ይስጥዎት፣ ሲደርስ እርስዎ ያስጥሉልኛል» በይና ወሬውን ወደ ልጁ መልሺው፣ ሰሞኑን የተማረውን ቃል ንገሪያቸው። ይቅርታ ግን አትጠይቂ። ልጁ ይሰማል፣ አፍ ፈትቷል ብለውሽ የለ!

ጥያቄ፦ ልጄ 18 ወሯ ነው። ጎረቤቶች «ይበቃታል፣ ትፈዛለች» ይሉኛል። አማቴም ተስማሙ። እውነት ጡት ያፈዛል?

ከደሴ

መልስ፦ አያፈዝም እህቴ። ፈዛ ካየሻት ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂያትና ደም ማነስ እንዳለባት ያዩልሽ፣ በዚህ ዕድሜ ብረት ያለው ምግብ ሲያንስ ልጅ ይደክማል። ቤታችሁ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ አማትሽን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም፤ በቁርኣን ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ላይ ማጥባቱን መሙላት ለሚፈልግ የተቀመጠው ሁለት ሙሉ ዓመት ነው፣ ካንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ ትልቁ ገና ይጠባል። እህቴ «የእርጉዝ ወተት ልጁን ይገድለዋል» ብላ አስደነገጠችኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይገድለውም፣ አትደንግጪ። እርግዝናሽ ጤናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማጥባት ይቻላል። ወተቱ ሊቀንስና ጣዕሙ ሊቀየር ስለሚችል አንዳንዱ ልጅ ራሱ ይተወዋል። ደም ከታየሽ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ ወይም ከዚህ በፊት ያለጊዜው ወልደሽ ከሆነ ግን ነገ ሳትዪ ለሐኪምሽ ደውዪ፣ ማጥባትሽንም ሳትደብቂ ንገሪ። እህትሽንም አትቀየሚያት፣ ከእናቶቻችን የሰማችውን ነው የነገረችሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ይዘሻት ግቢና ከሐኪምሽ አፍ ትስማው።