ከደብተሩ ጀርባ የተጻፈው አይቆጠርም ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ እንዴት ነሽ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነው የምሰራው። ጥያቄዬ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል ግን እኔን በጣም አሳስቦኛል። የዕለት ማስታወሻ መጻፍ እወዳለሁ፣ ማለቴ የምወድ ይመስለኛል፣ ደሞዝ በወጣ ቁጥር የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ከሄድኩ አንድ ደብተር ሳልገዛ አልመለስም፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ፣ ስፓይራል፣ አበባ ያለበት፣ እስክሪብቶም በየቀለሙ። አሁን 6 ደብተር አለኝ፣ ሁሉም ላይ 3 ወይ 4 ገጽ ጽፌ ነው ያቆምኩት፣ አንዱ ላይ ብቻ ረመዳን ስለነበረ 11 ገጽ ደርሻለሁ። ከዛ ውጪ ስልጠና ላይ በሰጡን ተራ ደብተር ጀርባ የኦቨርታይም ሰዓቴን እመዘግባለሁ፣ እዛው ስር የሆነ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደርጋለሁ፣ እሱ ግን አይቆጠርም። እህቴ ብርሽን በወረቀት ጨረስሽው ትለኛለች። ልማዱ የሌለኝ ሰው ነኝ ማለት ነው? ወይስ ጥሩ ደብተር ስላላገኘሁ ነው? የደብተሩን ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ ከፈለግሽ አውጪው።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁለቴም «እሱ ግን አይቆጠርም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከዛ ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፣ ኦቨርታይም 2 ሰዓት። ሰርቪስ ዘገየ። እማ ደወለች፣ ላሟ ወለደች፣ ወንድ ጥጃ።» ከስሩ ደግሞ «ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት። ጣቴን መርፌ ወጋኝ፣ ለማንም አልነገርኩም።» እንዲህ እንዲህ እያለ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይሄዳል። 5 ወር ሙሉ እየጻፍሽ ነው እኮ! ለማንም ያልነገርሽውን ነገር የነገርሽው ለዚህ ደብተር ነው፣ የዕለት ማስታወሻ ማለት ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከትምህርት ቤት የመጣ ነው። ሁላችንም ተማሪ እያለን የደብተሩ ፊት የአስተማሪው ነበር፣ ርዕስ ይሰመርበታል፣ በቀይ ይታረማል፣ ጀርባው ግን የኛ ነበር፣ ሂሳብ የምንሞክረው እዛ፣ የዘፈን ግጥም እዛ፣ የወደድነው ልጅ ስም እዛ፣ ማንም ማርክ አይሰጥበትም። አንቺም አዲስ ደብተር ስትገዢ የምትከፍቺው በፊት በኩል ስለሆነ እጅሽ እንደ ፈተና ቀን ይደርቃል። ስለዚህ ከ6ቱ አንዱን አንሺና ገልብጠሽ ከጀርባ ጀምሪው። እኛ ወሎዎች ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም፣ ቁርአን የቀራ ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ከዛ በኩል መክፈት ለምዶታል።

ሌላ ደብተር ግን እባክሽ ለጊዜው አትግዢ። ይልቅ አንድ የእረፍት ቀን ቡና አፍይና ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ሁሉንም ደብተሮችሽን ምንጣፉ ላይ ዘርግተሽ ያቆምሽበትን ገጽ ብቻ እዪ። ስንት ሰዓት ነበር የጻፍሽው? የት ተቀምጠሽ? የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ምን ትላለች? እኔ ራሴ እንዲህ ሳደርግ ነው የገባኝ፣ ያቋረጥኳቸው በሙሉ «ዛሬ በጣም ከፍቶኛል» ወይ «ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ እንደዛ ከጀመርኩ በኋላ የምለው ነገር ያልቅብኛል። የቀጠልኩባቸው ግን ሁሉም ከጦሳ፣ ከደሴው ተራራ ነው የሚነሱት፣ «ጦሳ በጉም ተሸፍኗል»፣ «ጦሳ ዛሬ ጥርት ብሏል»፣ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር የምጽፈው ለካ፣ ሳላውቀው። አሁን ሁሌም ከጦሳ እጀምራለሁ፣ ከዛ ሌላው ራሱ ይመጣል። ያንቺ ጦሳ የኦቨርታይም ሰዓትሽ ነው፣ ቁጥሯን ስትጽፊ እጅሽ ይፍታታል፣ ከዛ እማ ትመጣለች፣ ጥጃው ይመጣል። የረመዳኑ 11 ገጽም እንደዛው ሊሆን ይችላል፣ የማፍጠሪያና የስሁር ሰዓት ስላለ ቀኑ ራሱ መጀመሪያ ሰጥቶሻል፣ ገልጠሽ እዪው እስቲ።

ስለ ደብተሩ ዓይነት ለጠየቅሽኝ፣ አዎ እሱም ይለያያል። ፎቶው ላይ ጽሑፍሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሰርቪስ ውስጥ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ነው የምትጽፊው መሰለኝ። ለዛ ደግሞ ሽፋኑ ስስ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ነው የሚመቸው፣ መጠኑ ኤ5 ቢሆን ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል ለእጅም አይከብድም። ሌላው የጥራዙ ነገር ነው፣ በሙጫ ብቻ የተያዘ ደብተር ዘርግተሽ ስትጫኚው ይሰነጠቅና ገጹ መርገፍ ይጀምራል፣ በክር የተሰፋ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ስፌትን ለአንቺ እኔ አልነግርሽም፣ ሱቅ ውስጥ መሃሉን ከፍተሽ ክሩን ፈልጊ፣ ካገኘሽው ጥሩ ነው።

በየቀኑ ካልጻፍኩ ብለሽም አትጨነቂ። ጀምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ፣ በሕይወታቸው ስለከበዳቸው ነገር አጻፋቸው። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። 4 ቀን ብቻ! ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ስሜታቸው ይከብዳቸው ነበር፣ ስለዚህ ስለ መርፌዋ ወይም ከሷ ስለሚብስ ነገር ጽፈሽ ሆድሽ ከባሰሽ ደብተሩን ዘግተሽ ወደ ሰው ሂጂ፣ ለእህትሽም ቢሆን ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ ግራኝ ነኝ። ጄል እስክሪብቶ ስጠቀም መዳፌ ሁሉ ቀለም ይሆናል ገጹም ይጨማለቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል፣ በዚህ የተነሳ ማስታወሻ መያዝ ልተው ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አትተው ወንድሜ፣ እጅህ ምንም አላጠፋም። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራኝ እጅ ገና ባልደረቀው ላይ ነው የሚያልፈው። ጄል ቀለም ውሃ አዘል ስለሆነ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ የደሴ ክረምት ደግሞ ወረቀቱንም ያረጥበዋል። ተራው እስክሪብቶ ግን ቀለሙ ዘይት አዘል ነው፣ ወዲያው ይይዛል፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ የሚሸጠው ያ ጠርዛማ ቢክ ላንተ ከሁሉም ይሻልሃል። ደብተሩንም ቀጥ አድርገህ አትያዘው፣ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ቀኝ ዘንበል ብታደርገው እጅህ ከመስመሩ በታች ይሆንልሃል። ወረቀትም ምረጥ፣ የተለመደው የፎቶኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ብዙ የተማሪ ደብተር ከዛ ይሳሳል፣ ቀለም ወደ ጀርባ የሚያልፈውም ለዛ ነው። ባለሱቁን አስፈቅደህ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አንድ ቃል ጻፍ፣ 5 ቆጥረህ በጣትህ እሸው፣ ከዛ ገልብጠህ እይ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከደሴ። ልጄ ከውጭ ቀን የታተመበት የሚያምር አጀንዳ ላከልኝ፣ ግን ቀኑ የፈረንጅ ስለሆነ ግራ ገባኝ። እንዲሁ ከማስቀምጠው ምን ላድርግበት?

መልስ፦ ኧረ ጋሼ አያስቀምጡት፣ ልጅ የላከው ነገር ነው። አጀንዳው የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ነው፣ እሱ በኛ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜ 6 ሆና ባለፈችበት ዓመት ብቻ 22 ይሆናል። በየገጹ ጥግ የኛን ቀን በእጅዎ ይጻፉበት፣ ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን በየወሩ መባቻ የዛን ወር ብቻ፣ አለዚያ ይሰለችዎታል። ጳጉሜ አጀንዳው ላይ ስም ስለሌላት እንዳትረሳ፣ ጳጉሜ 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ነው የምትውለው፣ እስከ 10 ድረስ፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ እስከ 11 ድረስ ያሉትን ገጾች አሁኑኑ በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው።