ከወረቀቱ ጀርባ ያለችው ሴት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማንን «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ለክፍል አነበብን። መምህራችን ባለታሪኳ ከመጀመሪያውም እብድ ነበረች ይላሉ። እኔ ግን ያሳበዷት መሰለኝ። ማን ልክ ነው?
(የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ወዳንቺ አደላለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ከእሳቸው ጋር እንዳትሟገቺ፣ ውጤት አለ!

ሴትየዋ በቅርቡ ወልዳለች፤ ከፍቷታል። ሐኪሙ ባሏ «ዕረፊ» ብሎ ፎቅ ላይ አስቀመጣት። መጻፍ አይፈቅድላትም። እሷ ተደብቃ ትጽፋለች፤ የምናነበውም ያንኑ ማስታወሻ ነው። የውስጥ ትግሉን እዚያ ፈልጊው። ባሌ ይሳሳልኛል ትላለች፤ ደግሞ ቶሎ ያልዳንኩት እሱ ሐኪም ስለሆነ ይሆናል ብላ ትጠረጥራለች። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ አልጋው ከወለሉ ጋር በምስማር ተመቷል። እሷ ግን የልጆች ክፍል ነበር ብላ ታልፈዋለች። እኔን እዚህ ጋ ነው የሚዘገንነኝ፤ ኋላ ከግድግዳው ወረቀት ጀርባ ስትድኽ የምትታያት ሴት እንኳ ይህን ያህል አታስፈራኝም። በመጨረሻ «ወጣሁ» የምትለው ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ያቅታል።

ጊልማን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶክተር ሳይላስ ዊር ሚቼል ዘንድ በ«ዕረፍት» ታክማለች። ብዕር እንዳትነካ ተነግሯት ባሰባት። ታሪኩ በ1892 ታተመ።

የመምህርሽ ሐሳብ ለኤድጋር አለን ፖ «የሚያጋልጠው ልብ» ይሻላል። እዚያ ታሪኩን የሚተርከውን ገዳይ ማንም አልዘጋበትም፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እብድ አይደለሁም እያለ ይምላል። ሁለቱን አወዳድረሽ ጻፊላቸው።