ሬኒየምን ከጭስ መልቀም፦ ጥያቄና መልስ

ሬኒየም ስለሚባለው ብርቅ ብረት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በመጡበት ቅደም ተከተል ልመልስ።

ጥያቄ፦ የሚቆፈረው የት ነው?

መልስ፦ ለእሱ ተብሎ የሚቆፈር ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በመዳብ ጀርባ ታዝሎ ነው የሚመጣው፤ በብዛት ከቺሊ። የመዳቡ ድንጋይ ተፈጭቶ በውሃና በአረፋ ሲለይ ሞሊብዲናይት የሚባል ጥቁር ማዕድን አብሮ ይወጣል። ሬኒየሙ የተደበቀው እሱ ውስጥ ነው። ከአንድ ቶን ሞሊብዲናይት ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ግራም ቢገኝ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ከጭስ! እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው። ሞሊብዲናይቱ 600 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ይጠበሳል። ሬኒየም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ግን 360 ዲግሪ አካባቢ ይተናል። ስለዚህ የሞሊብዲናይቱ ዋና ብረት የሆነው ሞሊብዲነም ምድጃው ውስጥ ሲቀር ሬኒየሙ ከማዕድኑ ከሚወጣው የድኝ ጋዝ ጋር ሽው ይላል። መንገድ ላይ ጭሱን በውሃ ያጥቡታል። ጭሱን የማያጥብ ፋብሪካ ሬኒየሙን በጭስ ማውጫው ይሸኘዋል፣ አለቀ። የታጠበው ውሃ ሬኒየምን ለቅመው በሚይዙ ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎች ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በአሞኒያ ነጭ ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሉ በሃይድሮጅን ሲሞቅ ግራጫ የብረት ዱቄት ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ዱቄቱን አቅልጠው ለምን አይሸጡትም?

መልስ፦ የሚቀልጠው 3,186 ዲግሪ ላይ ነዋ! ከብረታ ብረት የሚበልጠው ተንግስተን ብቻ ነው። ስለዚህ ተጠቅጥቆ፣ ሳይቀልጥ እስኪጣበቅ ይጋገራል።

ጥያቄ፦ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ በዋናነት ለጄት ሞተር። የተርባይን ምላጭ በጋለ ጋዝ ውስጥ ሲሽከረከር ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ኒኬል ቅይጡ ላይ ከ3 እስከ 6 በመቶ ሬኒየም ሲጨመርበት መለጠጡ ይዘገያል። ቤንዚን ማጣሪያም ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ ዋጋው ሲወደድ ምርቱን አይጨምሩም?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው ጣጣው። የዓለም ዓመታዊ ምርት በአሥሮች ቶን የሚቆጠር ነው። ለዚህች ብሎ የመዳብ ማዕድን የሚከፍት የለም። ስለዚህ ያረጁ ምላጮችን ሰብስቦ መልሶ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ማን አገኘው?

መልስ፦ ዋልተር ኖዳክ፣ አይዳ ታከ እና ኦቶ በርግ፣ ጀርመን ውስጥ፣ በ1925 እ.ኤ.አ.። በ1928 አንድ ግራም ለማውጣት 660 ኪሎ ሞሊብዲናይት ፈጅተዋል። ትዕግስት ነው መቼስ።

ጥያቄ፦ ብቻውን የሚገኝበት ማዕድን በፍጹም የለም?

መልስ፦ አንድ አለ። በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ፣ በኩሪል ደሴቶች ላይ ባለው የኩድርያቪ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ሬኒየምና ድኝ ብቻ የሆነ ማዕድን ተገኝቷል። የመጣውም ከእሳተ ገሞራው ጭስ ነው።