የኬክ ማስተካከያ፦ ባለ ሽቦው ወይስ ባለ ስለቱ?

እህቴ፣ ኬክሽ መሃሉ እያበጠ አስቸግሮሽ፣ ያበጠውን ቆርጦ ላዩን እኩል የሚያደርግ ማስተካከያ ልግዛ ወይስ በቢላ ልወጣው ብለሽ ጠይቀሻል። ከገዛሽም ባለ ሽቦው ይሻል እንደሆነ ወይ ባለ ስለቱ ማወቅ ፈልገሻል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ለልደትና ለክርስትና ስጋግር ዓመታት ስላለፉ፣ በእጄ ያየሁትን ልንገርሽ።

ለጀማሪ ባለ ሽቦው ይበቃል። ሁለት እግር አለው፤ በመሃል ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ሽቦውን ከፍ ዝቅ እያደረግሽ በምትፈልጊው ቁመት ታስገቢዋለሽ። ስትገዢ መጀመሪያ ስፋቱን እዪ። ትንሹ ብዙ ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፓትራሽ 28 ከሆነ አያሳልፍልሽም። ሽቦውንም በጣትሽ ጫን አድርጊው። የረገበ ከሆነ ተዪው፤ ኬኩ መሃል ሲደርስ ይጎብጥና ወጣ ገባ አድርጎ ይቆርጥብሻል። ባለ ስለቱ ጠንከር ላለ ኬክ፣ ለምሳሌ ለካሮት ኬክ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ግን አደራ!

የትኛውንም ብትገዢ ኬኩ ሳይበርድ እንዳትነኪው። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ክርስትና ስሠራ ሰዓቱ ደረሰብኝና ለብ እንዳለ ቆረጥኩት። ሽቦውን ጠርዙ ላይ ያለው ቅርፊት ያዘው። ሳብ ሳደርገው መሃሉ ተገምሶ ወጣ። እንደ አዲስ ጋገርኩ፤ እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገና ክሬም እየቀባሁ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ እጋግርና፣ ፍጹም ሲበርድ በላስቲክ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ይገባል። መብራት ከሌለም የማርቆስ ሌሊት ብርዱ ይበቃል። የጾም ኬክ እንቁላል ስለሌለው ቶሎ ይፈረፈራል፤ እሱን ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ረዘም አድርገሽ አቆዪው።

ስትቆርጪ ኬኩንም እግሮቹንም አንድ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አሳርፊ። ኬኩ ሰሃን ላይ ካለ ልኩ ይዛባል። ሽቦው መግቢያ እንዲያገኝ ቅርፊቱን ቀድመሽ በቢላ ጫፍ ጫር አድርጊለት። ከዚያ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ፣ በቀስታ። እግሮቹ ከጠረጴዛው እንዳይነሱ።

ገንዘቡ ካልተመቸሽ ጥርስ ያለው ረጅም የዳቦ ቢላ ይሆናል። በማስመሪያ እየለካሽ ዙሪያውን በእኩል ቁመት ስቴኪኒ ሰኪ። ቢላውን በስቴኪኒዎቹ ላይ እያስኬድሽ ኬኩን እያዞርሽ ቁረጪ። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።

እብጠቱንም መቀነስ ትችያለሽ። መሃሉ የሚያብጠው ጠርዙ ቀድሞ ስለሚደርቅና መሃሉ ገና እየተነሳ ስለሚቆይ ነው። የኦቨኑን ሙቀት ትንሽ ቀንሺ። እርጥብ ጨርቅ አጥፈሽ ፓትራውን ዙሪያውን ብትጠቀልይውም ጠርዙ ቀስ ብሎ ይበስላል። ሌላው ከፍታው ነው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ ባሕር ዳር እንኳ 1800 ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ ኬኩን ቶሎ ያስነሳዋል። ከኢንተርኔት የምናገኘው አሠራር አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። እኔ ከተጻፈው ቤኪንግ ፓውደር ላይ ሩቡን እቀንሳለሁ።

ስትደራርቢ ደግሞ የላይኛውን ሽፋን ገልብጪው። ፓትራው ላይ የተኛው ጎን ያልተቆረጠና ለስላሳ ስለሆነ፣ ወደ ላይ ሲሆን ፍርፋሪው ክሬሙ ውስጥ አይገባብሽም።