ዓረብ አገር ለመሄድ ማተቤን ላውልቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሿ ገና 3 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፤ የቤት ኪራዩን እንኳ አልቻልነውም። ሳዑዲ ለቤት ሠራተኝነት ልሄድ አስቤ ነበር። ደላላው «ስምሽን የሙስሊም አስደርጊ፣ ማተቡንም አውልቂ» አለኝ። ልጆቼን ትቼ መሄዴስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእንጀራ ብሎ መሰደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በረሃብ ዘመን ይስሐቅን «ወደ ግብፅ አትውረድ» ያለ አምላክ፣ ያዕቆብን «መውረድ አትፍራ» ብሎታል (ዘፍ. 26፥2፤ 46፥3)። አገሩ ያው ግብፅ ነው፤ መልሱ ግን ለየሰው ተለየ። ስለዚህ «እነ እገሌ ሄደው ቤት ሠሩ» ለአንቺ መልስ አይሆንሽም። ያዕቆብ ደግሞ የወረደው ልጅ የልጅ ልጁን ይዞ ነው። የአንቺ ቪዛ ልጅ አያስከትልም።

የስሙን ነገር ደላላው አቅልሎ ነግሮሻል። ማተብ ምልክት ነው፤ ጥምቀትሽ በክሩ ላይ አልተንጠለጠለም። አሠሪዎችሽ በግድ ቢበጥሱብሽ አትጠየቂበትም። ራስሽ «ሙስሊም ነኝ» ብለሽ መፈረም ግን ሌላ ነው። ጌታ በሰው ፊት የሚክደውን እርሱም በአባቱ ፊት እንደሚክደው ተናግሯል (ማቴ. 10፥33)። ደግሞስ ብትታመሚ፣ ደመወዝ ብትከለከዪ ዘመድሽ በየትኛው ስም ይፈልግሻል? ከሄድሽም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ይሁን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ደላላው ለዚህ ብር ጠይቆሽ ከሆነ፣ ነገሩ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል።

ሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅዳሴም ቁርባንም አታገኚም። በጾም የፍስክ ብቻ የሚቀርብበት ቤት ሊገጥምሽም ይችላል። ይህን ከንስሐ አባትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪበት።

ባልሽስ ተስማምቷል ወይስ ዝም ብሎሻል? ባልና ሚስት በስምምነት ለጊዜው ካልሆነ እንዳይለያዩ ታዟል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። «ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው» የሚለውም (1ኛ ጢሞ. 5፥8) ለእናት ብቻ አልተጻፈም። በእኛ አገር ግን ሲቸግር መጀመሪያ የምትላከው ሴቷ ሆናለች፤ ይህ አይዋጥልኝም። እሱ ሌላ ከተማ ወርዶ ቢሠራስ ብላችሁ መክራችኋል?

መክራችሁ መሄዱ ከቆረጠ፣ የልጆቹን ክርስትና እናትና አባት ጥሩ። ሕፃን ክርስትና ማንሳት ኃላፊነት ነው፤ ለልደት ስጦታ ይዞ መምጣት ብቻ አይደለም። ትንሿን ማን እንደሚያሳድር፣ ማን እንደሚያስቆርብ፣ የምትልኪው ብር በማን እጅ እንደሚገባ ንስሐ አባታችሁ ባሉበት ጨርሱ። እስከዚያ ውሉን አትፈርሚ።