ቢላውን ማን ይያዝ? ስለ ፕላስቲክ ሰርጀሪ የጠየቃችሁንና መልሶቻችን

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን ለዚህ እትም መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ አግኝቷል፤ ስለ ሐኪም አመራረጥ እዚያ የተባለው ለቀሩትም ስለሚሠራ አልደገምነውም።

«የ6 ዓመት ልጄ ከስምንት ወር በፊት የጋለ ምጣድ ላይ ወድቃ መዳፏ ተቃጠለ። ቁስሉ ደርቋል፤ ነገር ግን ሁለት ጣቶቿ ወደ መዳፏ ተቆልምመው አልዘረጋ ብለዋል፤ እርሳስ መያዝ አቅቷታል። አንድ የግል ክሊኒክ «በግማሽ ቀን ይስተካከላል» ብሎኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ፕላስቲክ ይገባባታል» እያሉ ያስፈራሩኛል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ መሆኑን በምን ልለይ?»
እናት፣ ከአባይ ማዶ

እናታችን፣ ፕላስቲክ የሚባል ነገር ሰውነቷ ውስጥ አይገባም። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው፤ ከጀሪካን ጋር አይዛመድም። የሚሠራውም በገዛ ቆዳዋ ነው።

ጣቶቿ የተቆለመሙት ጠባሳ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚሰበሰብ ነው። የልጅ አጥንት ያድጋል፣ ጠባሳው ግን አብሮ አያድግም፤ ስለዚህ በቆየ ቁጥር መጋጠሚያው ራሱ እየተጣመመ ይሄዳል። ጠባሳ እስኪለሰልስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ የተለመደ ቢሆንም፣ የልጅ ጣት እንዲህ ታጥፎ ሲቀር ብዙ አይጠበቅም። ስምንት ወር ሆኗታል፤ አሁኑኑ መታየት አለባት።

ስለ ሐኪሙ የመጀመሪያው ነገር የሙያ ፈቃዱ ነው። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ጠቅላላ ሐኪሙንም፣ ጠቅላላ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱንም፣ የአጥንት ሐኪሙንም፣ የፕላስቲክና ሪኮንስትራክቲቭ (መልሶ የማቃናት) ሰርጀሪ ስፔሻሊስቱንም እኩል ያጠቃልላል። ልዩነቱ ያለው ፈቃዱ ላይ በተጻፈው የሙያ ዘርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ተጠግተው ያንብቡት። ስሙ እርስዎን ያናገረው ሰው ስም ነው? የሙያ ዘርፉ ምን ይላል? የሚያበቃበት ቀን አልፏል? በመስታወት ውስጥ ያለው ፈቃድ የክሊኒኩ ባለቤት ፈቃድ ሆኖ፣ ቢላ የሚይዘው ሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቢያጠራጥርዎ ስሙን ጽፈው ክልሉ ጤና ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። ሐኪሙ በኮሴክሳ፣ ማለትም በምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የሰርጅኖች ኮሌጅ በኩል የሠለጠነ ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሰርጀሪ መንገዱ ሁለት ዓመት መሠረታዊ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በዘርፉ፣ በድምሩ 5 ዓመት ነው። የሦስት ሳምንት «የውበት ሕክምና» ሰርተፊኬት ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ፍሬሙ ያማረ ቢሆንም።

ሐቁን ለመናገር፣ የተቆለመመ ጣት የሚያቃኑ ጎበዝ የአጥንትና የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችም አሉ። ስለዚህ «ይህን ዓይነት እጅ ባለፈው ዓመት ስንት ሠሩ?» ብለው ይጠይቁ። የሚሠራ ሰው አይቆጣም፤ ቁጥር ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ቦታው። የክሊኒኩን ታፔላ ይመልከቱ፤ ደረጃው ተጽፏል። የ6 ዓመት ልጅ እጅ ሙሉ ሰመመን ይፈልጋል። ይህ የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ኦክስጅን፣ በልጅ ልክ የተዘጋጀ ጭምብልና ቱቦ፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅንን የሚለካ መሣሪያ፣ ከሁሉ በላይ ከልጅቷ ራስጌ ሳይነሳ የሚቆይ የሰመመን ባለሙያ ይጠይቃል። «ሰመመኑን የሚሰጠው ማን ነው?» ሲሉ «ሐኪሙ ራሱ ይወጋታል» ከተባሉ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ ከሰመመን በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ይጠቀሙበት እንደሆነ ይጠይቁ። በዚያው ሳምንት ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛት ለሐኪሞቹ ይንገሩ፤ ቀኑ ይራዘም ይሆናል፤ ቀጠሮ እንዳይበላሽ ብሎ መደበቅ ሰመመን ላይ የመተንፈስ ችግር ያመጣል።

ከዚያ የሚከተለውን ጥያቄ በዚሁ ቃል ይጠይቁ፦ «ጠባሳውን ከከፈቱ በኋላ ክፍተቱን በምን ይሸፍኑታል?» ጠባሳው እንደ ክር ጠባብ ከሆነ ዜድ ፕላስቲ ይሠራል፤ ቆዳው በዜድ ፊደል ቅርጽ ተቆርጦ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ማዕዘኖቹ 60 ዲግሪ ሲሆኑ ርዝመቱ በስሌት እስከ 75 በመቶ ይጨምራል። ጠባሳው መዳፉን በሰፊው ከያዘ ግን የቆዳ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል። ለመዳፍ የሚመረጠው ሙሉ ውፍረት ያለው ቆዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከብሽሽት ይወሰዳል። ከጭን ላይ በስሱ የተላጨ ቆዳ በቀላሉ ይይዛል፤ ግን በኋላ ይሰበሰብና ጣቱን መልሶ ያጥፈዋል። «ከፍተን እንሰፋዋለን» ብቻ ያለ ሰው ክፍተቱን አላሰበበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መደገፊያው ነው፤ ስፕሊንት ይሉታል። ቆዳ ከተተከለ ፋሻው አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው ቀን አካባቢ ይከፈታል። ከዚያ ጣቱ ተዘርግቶ በስፕሊንት ቀንና ሌሊት ለሳምንታት፣ ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከፊዚዮቴራፒ ጋር። በደንብ የተሠራ እጅ ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ልጅ ታለቅሳለች፣ እናት ታዝንና ስፕሊንቱን ታወልቃለች፤ በሁለት ወር ጣቱ ይመለሳል። ስለዚህ ስፕሊንቱን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ሲጠባት የሚያሰፋው ማን እንደሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይወቁ። «አንዴ ተሠርቶ ያልቃል» ለሚል ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የምታድግ ልጅ ስለሆነች ወደፊት ዳግም ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግርዎ ሐኪም የተሻለ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ካርድ አውጥተው በቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ያሳዩአት። እዚያ የማይሠራ ከሆነ ሪፈር ይጻፍልዎታል። አዲስ አበባ ላይ በቃጠሎ የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ አለርትም በመልሶ ማቃናት ሥራ የቆየ ነው። ያለ ሪፈር ወረቀት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በር ላይ እንዳይመለሱ።

(ለሌሎች እናቶች፦ ቃጠሎ ሲደርስ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓት ቢዘገይም ይጠቅማል። በረዶ አይደረግ።)

«29 ዓመቴ ነው። የሆዴንና የጎኔን ስብ አስወጥቼ መቀመጫዬን ማስሞላት እፈልጋለሁ። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው ኢስታንቡል፣ ሆቴሉን ጨምሮ የአምስት ሌሊት ጥቅል አቅርቦልኛል። የሠሯቸውን ሴቶች ፎቶ አሳይቶኛል። የሐኪሙን ስም ስጠይቀው «እዚያ ስትደርሺ ትመርጫለሽ» አለኝ። ልተማመንበት?»
ሀ.፣ ከሽምብጥ

እህታችን፣ አትተማመኚበት። ደላላ መኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የሐኪሙ ስም አለመኖሩ ግን ነገሩን ይጨርሰዋል። ቱርክ ውስጥ የሙያው ስም ፕላስቲክ፣ ሪኮንስትራክቲቭና ኤስቴቲክ ሰርጀሪ ነው፤ «የሕክምና ኤስቴቲክ ሐኪም» የሚባለው ሌላ ነው፣ ሰርጅን አይደለም። ከውጭ አገር ታካሚ የሚቀበል ተቋምም ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የዓለም አቀፍ ጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሕንድን ካሰብሽ ከስሙ ኋላ ኤም.ሲ.ኤች. በፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚለውን ፈልጊ፤ ከጠቅላላ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚወሰድ የሦስት ዓመት ትምህርት ነው። ክፍያውን ለደላላው እጅ ሳይሆን ለሆስፒታሉ ሒሳብ፣ በደረሰኝ ክፈዪ።

ፎቶዎቹን ስልክሽ ላይ አስፍተሽ ተመልከቻቸው። «በፊት» የሚለው ላይ መብራቱ ከላይ ወርዶ የሆዷን እጥፋት በጥላ ያጠቁረዋል፣ ትከሻዋ ወድቋል። «በኋላ» ላይ መብራቱ ከፊት ነው፣ ትንፋሿን ይዛለች፣ ወገቧ ላይ የፓንት ላስቲክ ከፍ ብሏል። ከኋላዋ ያለው የበር መቃን ከጎበጠ ደግሞ ፎቶው ተነካክቷል። እውነተኛ ማነጻጸሪያ ርቀቱም ብርሃኑም አቋቋሙም አንድ ነው፤ ከስንት ወር በኋላ እንደተነሳ ይጽፋል። የቆዳችን ቀለም ያላቸውን ሴቶች ጠባሳ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ በነጭ ቆዳ ላይ የጠፋ መስመር በእኛ ላይ ሊጠቁር ወይም ሊያብጥ ይችላል።

አምስት ሌሊት የሚለው ራሱ አጭር ነው። ሊፖሳክሽን (ስብ መምጠጥ) ለተሠራ ሰው ከመብረር በፊት ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሆድ ተቆርጦ ከተጠበበ ከ7 እስከ 10 ቀን መቆየት ይመከራል። ምክንያቱ እግር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው፤ ለሰዓታት ተቀምጠሽ ስትበሪ ይረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ደግሞ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን መቀመጥ ሲጨመርበት አስቢው። አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

መቀመጫ ማስሞላት ከውበት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሰርጅኖች መካከል የተደረገ ጥናት ከ3,000 አንድ ገደማ ሞት ገምቷል፤ ምክንያቱም ስቡ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ወደ ትልልቅ ደም ሥሮች አልፎ ሳንባ ይዘጋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ስቡን የት ነው የሚያስገቡት?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ከቆዳ በታች ብቻ» መሆን አለበት። በአንድ ቀን ከ5 ሊትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ሆስፒታል ውስጥ ታድሪያለሽ፤ ሆቴል አይሆንም። «ፈሳሽ ሲሊኮን እንወጋለን» የሚል ካጋጠመሽ አጭሩ መልስ እምቢ ነው፤ ከገባ በኋላ ተጠርጎ አይወጣም።

አንድ ነገር ብዙዎች ይረሱታል፦ ስትመለሺ እዚህ ባሕር ዳር ቁስሉን የሚያይልሽ ማን ነው? ሌላ ሰው የሠራውን ማየት የማይወዱ ሐኪሞች አሉ። ከመሄድሽ በፊት አንዱን አነጋግሪ፤ ስትመለሺም ምን እንደተሠራ የሚገልጽ፣ የሰርጅኑ ፊርማ ያለበት የኦፕራሲዮን ወረቀት በእንግሊዝኛ ይዘሽ ነዪ። ሲጋራ ወይም ሺሻ የምታጨሺ ከሆነ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሚ፤ ጭሱ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ስፌት ይለቃል።

«ጆሮዬን ከተበሳሁ በኋላ እንደ ባቄላ ያለ እብጠት ወጣብኝ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት «አደንዝዤ በ20 ደቂቃ ቆርጬ እጥልልሻለሁ» አለችኝ።»
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

አትስጫት። ይህ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ ተቆርጦ ብቻ ከተተወ ከግማሽ በላይ ጊዜ ይመለሳል፣ ሲመለስም ከበፊቱ ይበልጣል። ባቄላው ሎሚ ያክላል። የሚያክመው የቆዳ ስፔሻሊስት ወይም የፕላስቲክ ሰርጅን ነው፤ የምትጠይቂውም «ከተቆረጠ በኋላ ምን ይደረጋል?» የሚለውን ነው። የሚጠበቀው መልስ ትሪያምሲኖሎን የሚባለው መርፌ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ እንደሚወጋ፣ የሚጫን ጉትቻ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ለወራት እንደሚደረግ፣ እስከ ሁለት ዓመት ክትትል እንዳለ ነው። መርፌው ዙሪያውን ቆዳ ሊያነጣውና ሊያሳሳው ይችላል፤ ይህንንም ሊነግሩሽ ይገባል።

ማደንዘዣው ራሱ ጨዋታ አይደለም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ከፍተኛው መጠን 270 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በ2 በመቶው ብልቃጥ 13 ሚሊ ሊትር። ከዚያ ሲያልፍ ጆሮ ይጮኻል፣ ምላስ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ማንቀጥቀጥ ይመጣል። ጸጉር ቤት ውስጥ ማን ይደርስልሻል? ሌላኛውን ጆሮሽንም አሁን አትበሺው።

«ዘጌ ነው የምኖረው። የወንድ ልጄ ላይኛው ከንፈር ተሰንጥቆ ተወለደ፤ ላንቃው ደህና ነው። የአንድ ወር ልጅ ነው፣ ይጠባል። መቼ ላምጣው?»
አባት

እንኳን ማርያም ማረቻት። ላንቃው ደህና ከሆነና ከጠባ ዋናው ሥራ አሁን ክብደቱ ነው። ሐኪሞች እንደ መነሻ የሚይዙት ሦስት አሥሮችን ነው፦ 10 ሳምንት ዕድሜ፣ 10 ፓውንድ ክብደት (4.5 ኪሎ ያህል)፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ) 10። በየጊዜው ጤና ጣቢያ አስመዝነው። ግን ለመታየት 10 ሳምንት አትጠብቅ፤ በሚቀጥለው ጀልባ ባሕር ዳር ስትመጣ አሳየው፤ ላንቃውን ሐኪም በመብራት ይየው፤ ከኋላ የተደበቀ ስንጥቅ በዓይን ያልፋል። የከንፈር ቀዶ ሕክምና ስማይል ትሬን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በሚደግፋቸው ሆስፒታሎች በነጻ ይሠራል፤ ክፈል ከተባልክ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። በዘመቻ ቡድን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እነሱ ከሄዱ በኋላ ስፌቱን የሚያየው ሐኪም ማን እንደሆነ በስም ይጻፉልህ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የእናት ጡት የመጨረሻው ሰመመኑ ከመጀመሩ 4 ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት ከሆነ 6 ሰዓት አስቀድሞ። «ሕፃን አይራብ» ብላ አያቱ በመንገድ ላይ እንዳታጠባው አስጠንቅቃት፤ በሰመመን ውስጥ ካስመለሰው ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል።