ለእናቷ የጭን ቁስል ምክር ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ «እናቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት፤ ጭኗ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣ፤ ካልሲፊላክሲስ ነው አሉን፤ ያየው አለ?» ያልሽውን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ አይቼዋለሁ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በእናቴ። ካልሲየም የቆዳን ቀጫጭን የደም ሥሮች እየደፈነ ቆዳውን የሚገድል ሕመም ነው።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ የመድኃኒቶቻቸውን ዝርዝር አውጪና ዋርፋሪን ካለበት ለኩላሊት ሐኪማቸው ደውይ። በራስሽ እንዳታቋርጪባቸው፤ ነገ ግን አትበይ። እናቴ የልብ ምቷ ስለሚዛባ ዓመት ከመንፈቅ ወስዳዋለች። ለካስ ይህ መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ሲያደርግ፣ ካልሲየም በደም ሥር ግድግዳ ላይ እንዳይጋገር የሚከላከለውንም ፕሮቲን ያሰናክላል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይደፈናሉ፤ ቆዳው ይሞታል። ይህን የሰማሁት ቁስሉ ከጀመራት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ሰባቱን ሳምንት የበላብን አንድ የቁስል ክሊኒክ ነው፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽን፣ ቀጥሎ «ብዙ ስለምትቀመጥ ነው» አሉን። እናቴ አንሶላ ሲነካት ትጮኽ ነበር! ቁስሉ ሳይከፈት ቆዳዋ የመረብ ቅርጽ ይዞ ወይን ጠጅ መስሎ ነበር፤ ስዳብሰው ከሥሩ እንደ ጠጠር ይቆረቁረኛል። ይህን ስናገር ነርሷ «አስተርጓሚ ይጠራላችሁ?» አለችኝ። ሃያ ዓመት በዚህ አገር የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ በእንግሊዝኛ እያናገርኳት።

ሁለተኛ፣ ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን ሶዲየም ቲዮሰልፌት የሚባል መድኃኒት ጠይቂ። ለእናቴ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እጥበቱ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው 25 ግራም በደም ሥር ይሰጣት ነበር። ክፉኛ ያቅለሸልሻል፤ በዝግታ እንዲሰጧቸው ጠይቂ። ኢንሹራንሱ ሁለት ጊዜ ከለከለን፤ በሦስተኛው የኩላሊት ሐኪሟ ራሱ ደውሎ ተከራከረልን። የእናንተም ሐኪም ይደውል፤ ጸሐፊዋን አትመኑ።

ፎስፈረስ እንዲቀንስላት የምትወስደው የካልሲየም ክኒንም ካልሲየም በሌለው፣ ሴቬላመር በሚባል ክኒን ተቀየረ፣ የእጥበቱ ፈሳሽ ካልሲየምም ተቀነሰ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ቁስሉ አካባቢ አትውጓቸው። አክስቴ ከጎንደር የላከችውን ቅባት እኔ ደብቄዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞትበት ቁስሉ ሲያመረቅዝ ነውና።

ሕመሙን «እችለዋለሁ» ቢሉሽ አትስሚያቸው። እናቴን ሰምቼ ማስታገሻውን እያሳነስኩ፣ ስንት ሌሊት ትራሷን ነክሳ አደረች! ሞርፊን በኩላሊት ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ሌላ ዓይነት ይሰጣል፤ እሱን ጠይቂ።

ቁስሉ ለመድረቅ አሥር ወር ፈጀ። ጠባሳው መዳፍ ያህላል፤ ገላዋን ሳጥባት አሁንም እጄን ትገፋዋለች።